በእናቴ ስም ያነሳሁት ሐዲድ

በዚያ የውርጭ ወራት፣ ጠዋት ጠዋት «ዴልሚራ ኦጄዳ!» ተብሎ ሲጠራ «አቤት» የምለው እኔ ነበርኩ።

ዴልሚራ ኦጄዳ እናቴ ናት። ሥራ ላጣና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላለው ሰው መንግሥት በየወሩ መቶ ሃምሳ ፔሶ ይሰጣል፤ ሰው ሁሉ «ፕላኑ» ይለዋል። ታናሽ እህቴ ጂሴላ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ስለሆነ እናቴ ተመዘገበች። እኔ ሃያ አንድ ሞልቶኛል፤ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ቁጭ ያልኩ፣ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ለእኔ ዓይነቱ ፕላን የሚባል ነገር የለም። ገንዘቡ ደግሞ እንዲያው አይገኝም። በምላሹ በየቀኑ ለአራት ሰዓት ያህል ማዘጋጃ ቤቱ ባዘዘው ቦታ መሥራት ግዴታ ነው። አንዳንዱ አደባባይ ይጠርጋል፣ አንዳንዷ ለትምህርት ቤት ታበስላለች። የእናቴን ስም ግን ባቡር የቀረበትን ሐዲድ ከሚነቅሉት ጋር ጻፉት። የፕላኑ ኃላፊ ግሪሴልዳ ይህን ስትጽፍ ያየችው እናቴን አልነበረም፤ ከኋላዋ የቆምኩትን እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና ጻፈች።

እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት ዱቄት ፋብሪካ ሠርታለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ዱቄቱ እሷ ደረት ውስጥ ቀረ። ከአልጋዋ ተነስታ ምድጃው ጋ እስክትደርስ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ይህን ግን ከቤታችን ውጭ ለማንም አልተናገርንም። በሽተኛ ከፕላኑ እንደሚሰረዝ በከተማችን በሎስ ቻኛሬስ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል፤ ቅጹ ላይ «ለሥራ ብቁ የሆነ» ይላላ! ማን ከማን እንደሰማው የሚያውቅ አልነበረም፣ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። ስለዚህ «ለምን ራሷ አትመጣም?» ለሚለኝ ሁሉ «የቤት ሥራ በዝቶባት ነው» እል ነበር።

«ወይዘሮ ዴልሚራ፣ ዛሬ ደግሞ ቀሚስዎን የት ረሱት?» ይለኛል ራማሎ፣ ስም ተጠርቶ ባለቀ ቁጥር።

«እጥበት ላይ ነው» እለዋለሁ። 

ሴፌሪኖ ራማሎ የጉጠት ጓደኛዬ ነው። ሐዲድ በባዶ እጅ አይነሳም። አንጥረኛ ከሚይዘው ጉጠት ጋር የሚመሳሰል፣ ቁመቱ ግን ሰው ወገብ ድረስ የሚመጣ ጉጠት አለ። መንጋጋው ሐዲዱን ከላይ ይነክሰዋል፤ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ሆኖ እጀታውን ይይዛል። አራት ጉጠት፣ ስምንት ሰው። ከስምንቱ አንዱ ከላላ ሐዲዱ ወደ ላላው ይዞራል፤ ሲዞርም የሚያገኘው እግሩን ነው። ስለዚህ ብረቱ አየር ላይ እያለ ትእዛዙን ጮክ ብሎ ከሚያወጣው፣ ከአውጪው በቀር ማንም አይናገርም፤ አውጪው ሳይል ደግሞ ማንም አይለቅም።

አውጪያችን ዶን ባውዲሊዮ ነበሩ። ይህንኑ መስመር ሠላሳ ዓመት ሲጠግኑ ኖረው ባቡሩ ሲቀር ተባረሩ፤ አሁን በፕላኑ በኩል ተመልሰው መጥተው በገዛ እጃቸው ያሰሩትን ያስፈታሉ። «እጅ!» ይላሉ፤ እጀታውን እንይዛለን። «ወገብ!» ይላሉ፤ እንጎነበሳለን። ከዚያ «ላ...ይ!» ያኔ ስምንት ሰው አንድ ሰው ይሆናል። እኔ ብቻዬን መሆን የምወድ፣ ሰው ሲሰበሰብ ምላሴ የሚተሳሰር ነኝ፤ ከሰው ጋር መሆን የማይከብደኝ ብረቱ አየር ላይ ባለበት ሰዓት ብቻ ነበር። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንዳንዴ ባቡሩ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለኛል። ሐዲድ እንደሌለው እያወቅሁ ይመጣል እላለሁ።

ረፋዱ ላይ እሳት አንድደን ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ እንጠጣለን። አንድ ቅል፣ አንድ መምጠጫ፣ ዘጠኝ አፍ። ያን ቀን ራማሎ የተሰነጣጠቀ መዳፉን እሳቱ ላይ ዘርግቶ ነገር ጀመረ።

«ጓንት ጠየቅኋት» አለ።

«ማንን?»

«ግሪሴልዳን ነዋ። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ይሄ ቅጥር አይደለም ራማሎ፣ እርዳታ ነው። እርዳታ ላይ ጓንት የለም።› ባለፈው ሳምንት ጥርሴን አሞኝ አንድ ቀን ብቀር ደግሞ ‹ከሥራ ቀርተሃል› ብላ በቀይ ጻፈችብኝ። ስንጠይቅ እርዳታ፣ ስንቀር ሥራ!»

«ጥርስህን ነው ያመመህ ወይስ ጭንቅላትህን?» አሉ ዶን ባውዲሊዮ። «በዋዜማው ማታ ግብዣ ላይ ስትጠጣ አይቼህ ነበር።»

ሳቅ ሆነ። ራማሎ ግን አልሳቀም።

«ይሳቁ እርስዎ። ለዚሁ ብረት ድሮ ደሞዝ ነበረዎት፣ ቦት ጫማ ነበረዎት፣ ጡረታ ይቆረጥልዎት ነበር። ዛሬ ምን አለዎት? ያው ብረት፣ ያው ወገብ።»

«ወገቡስ ያው አይደለም፤ እሱን ለኔ ተውልኝ» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ቅሉን ያዝ አድርገው ቆዩ። «ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። ሚስቴ ወለል ስትጠርግ ‹እግርህን አንሳ› ትለኛለች፤ አነሳለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሳሁት የገዛ እግሬን ነው። አሁን ጠዋት ስወጣ ‹ወዴት ነው?› ስትለኝ መልስ አለኝ። ያለ ላቤ የመጣ ዳቦ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል፣ ምን ላድርግ?»

«ላቡንስ አፍስሱ። ይህን ብረት፣ ላብዎን፣ ጭኖ የሚሄደው የጭነት መኪና ግን ወዴት እንደሚሄድ ጠይቀው ያውቃሉ?»

ዶን ባውዲሊዮ ቅሉን ለሚቀጥለው ሰው አቀበሉ። ራማሎ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተስ ወይዘሮ ዴልሚራ፣ ምን ትላለህ? ሌላው በራሱ ስም በነፃ ይለፋል፤ አንተ በሰው ስም!»

እኔ ጭሱ ከባህር ዛፎቹ በላይ ሲበተን እያየሁ ነበር። «ተወው፣ የእሱ ልብ ሰማይ ላይ ነው» አለ አንዱ፤ ወሬው አለቀ።

ነጩ መኪና የመጣው ከዚያ በኋላ ሐዲድ አንስተን ግማሽ መንገድ ላይ ሳለን ነው። ግሪሴልዳ ከመኪናው ዘልላ ወርዳ በጭቃው ውስጥ እየሮጠች «ቁሙ! ቁሙ! ተቆጣጣሪ መጥቷል!» ትላለች። ዶን ባውዲሊዮ እንዳልሰማ ሰው «ሂ...ድ... ሂ...ድ...» እያሉ እስከ ክምሩ ወሰዱን። «አውርድ!» ብረቱ ብረት ላይ ጮኸ። ያኔ ብቻ ዞረው «እንደምን አደሩ» አሉ።

ተቆጣጣሪው ኢቱርቤ ይባላል፤ ከዋና ከተማ የመጣ፣ ስስ ጫማ ያደረገ፣ ብርዱ አፍንጫውን ያቀላው ወጣት። ክፉ ፊት አልነበረውም። ዝርዝሩን አውጥቶ ስም መጥራት ጀመረ፤ የተጠራው ሰው ወጥቶ መታወቂያውን ያሳያል።

«ኦጄዳ፣ ዴልሚራ።»

ልማድ ሆነና አፌ ቀደመኝ። «አቤት» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ኢቱርቤ ቀና ብሎ አየኝ፤ መታወቂያዬን ተቀበለ፣ አነበበ፣ መለሰልኝ።

«ኤሊሴዎ ነው የሚለው።»

«ልጇ ነኝ።»

«እሷስ የት አለች?»

«ቤት። ዛሬ ብቻ ነው ያልመጣችው።»

«ዛሬ ብቻ?» ወረቀቶቹን አገላበጠ። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ። በየቀኑ አንድ ዓይነት ፊርማ፤ በእኔ እጅ የተጻፈ የእናቴ ስም። ቀስ ብሎ «አሟት ነው?» አለኝ። እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ነበር።

ቸኩዬ መለስኩ። «የለም! ጤነኛ ናት። እንደዚህ ሐዲድ ናት!»

እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተው። ያኔ አላስተዋልኩትም።

«ጥቆማ ደርሶን ነው የመጣሁት» አለ፣ አሁን ድምፁ ቀዝቅዞ። «በሌላ ሰው ስም የሚፈርሙ አሉ ተብሎ። የሞተ ሰው ሳይቀር የሚፈርምበት ከተማ አይቻለሁ።»

ዶን ባውዲሊዮ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ጌታው፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከሚያዝያ ጀምሮ የዚህችን ሴት ድርሻ ይሄ ልጅ ሲያነሳ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን አልቀረም። የምትሰጧት ለሥራው ከሆነ ሥራው ተሠርቷል፤ ያው ክምሩ። ለችግሯ ከሆነ ደግሞ ችግሯ ቤቷ አለ፤ ሐዲድ ላይ ምን ትሠራለች?»

ኢቱርቤ ክምሩን ዞሮ አየው። «ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው እኔ አይደለሁም አባት።»

«ታዲያ ማነው?»

«አላውቅም።» ወደ እኔ ዞረ። «ነገ ጠዋት እናትህ ራሷ ትምጣ። ዝርዝሩ ሐዲድ ማንሳት ነው የሚለው፤ ስታነሳ ማየት አለብኝ። ካልመጣች ስሟ ይሰረዛል። አንተም ብረቱን ከነካህ እንደዚያው ነው።»

ግሪሴልዳ «ወደ ልብስ ስፌቱ ባዛውራትስ...» ብላ ጀመረች።

«ዛሬ? እኔ ስመጣ?» አላት ኢቱርቤ። 

ወደ ቤት ስሄድ ራማሎ ከኋላዬ ደረሰብኝ። ሁለት መስቀለኛ መንገድ እስክናልፍ አብረን ሄድን።

«ለጥቆማ የደወልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ቆምኩ።

«አትየኝ እንደዚያ። የሚስቴ እህት ሦስት ልጅ ይዛ ሄዳ ‹ዝርዝሩ ተዘግቷል› ተባለች። ልጆቿ ዱባ ብቻ እየበሉ ነው። እናትህ ግን ቤቷ ተቀምጣ ስሟ ይሠራላታል።»

«እናቴ አልተቀመጠችም።»

«ታዲያ ለምን አትመጣም? ንገረኛ! አሥር ጊዜ ጠየቅሁህ።»

አፌን ከፈትኩ። ታማለች ብዬ ብነግረው ነገ ሌላ ስልክ ይደውላል፤ ያኔ ያልቅልናል። «ሥራ በዝቶባት ነው» አልኩት።

ወደ ጎን ተፋና መንገዱን ተሻግሮ ሄደ።

እናቴ ወሬውን በሩ ላይ ቆማ ሰማች፤ የበሩን መቃን ይዛ። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ብረቱ ስንት እርምጃ ይሄዳል?»

«ከመስመሩ እስከ ክምሩ? አሥራ አንድ። እማ፣ ይቅርብን። ሌላ ነገር እንፈልጋለን።»

«ምን ሌላ?»

«ሌላ ነገር።»

«እኮ ንገረኝ፣ ምን?»

ምን ብዬ? ዱቄት ፋብሪካው በር ላይ ሣር በቅሏል። ጥጥ የሚለቀም በየካቲት ነው። 

ሰው ሁሉ የቀትር እንቅልፍ ላይ ሳለ ጓሮ ወጣች። ባልዲ ግማሽ ድረስ ውኃ ሞልታ ጂሴላን እርምጃ አስቆጠረቻት። አራተኛው ላይ ሳል ያዛት። ተቀመጠች፣ ጠበቀች፣ እንደገና ተነሳች። ሰባት። ተቀመጠች። እኔ በመስኮት እያየሁ እጄን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ጂሴላ «አሥራ አንድ!» ብላ ጮኸች፤ እናቴ ባልዲውን አስቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋ ፊቷን ከእኛ አዞረች። ትከሻዋ ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ግን አልወጣትም። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«አየህ? አሥራ አንድ» አለችኝ።

በማግስቱ ሌላ ሰው ሳይነሳ ወጣን፤ መንገድ ላይ አራት ቦታ ማረፍ ነበረባት። ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። ልንደርስ ስንል ከኪሷ የከንፈር ቀለም አወጣች። ጂሴላ ከተጠመቀች ወዲህ ተቀብታ አይቻት አላውቅም።

«ለምንድነው እሱ?»

«ከንፈሬ ይጠቁራል ስደክም። ሰውየው ሞኝ አይመስልም።»

ኢቱርቤ ከግሪሴልዳ ጋር ቀድሞን ደርሷል፤ የመኪናው ኮፈኖ ላይ ወረቀቱን ዘርግቷል። እኔን ከቦዩ ማዶ አቆመኝ። «ይህን ቦይ እንዳትሻገር» አለኝ። እናቴ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ሦስተኛው ጉጠት ሄደች፤ ወደ እኔ ቦታ። ከፊት ለፊቷ ራማሎ ቆሟል።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ዴልሚራ» አለ፤ በዚያ ስም ስንት ወር ሲቀልድ የኖረው ሰው አሁን ዓይኗን ማየት አቃተው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ካጠፋሁ ንገረኝ።»

«እጅ!» አሉ ዶን ባውዲሊዮ። ድምፃቸው ከወትሮው ቀጠነብኝ። «ወገብ!»

እናቴ ጎነበሰች። ከቦዩ ማዶ ሆኜ እኔም ሳላውቀው ጎነበስኩ።

«ላ...ይ!»

ብረቱ ተነሳ። ወዲያው ወደ እናቴ በኩል ሲያዘነብል አየሁት፤ ፀጉር ያህል ብቻ። ራማሎም አየው። እጁን ከእጀታው ጫፍ ወደ ጉጠቱ አንገት አንሸራተተ፤ እንደዚያ የሚይዝ ሰው የጓደኛውን ሸክም ወደ ራሱ ይወስዳል። የአንገቱ ሥር ተገተረ። ሐዲዱ ተቃና።

ሂድ። ሂድ። ሂድ። ከእነሱ ጋር ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ላይ «አውርድ!»

እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች። ከንፈሯ ቀይ ነው፤ አፍንጫዋ ብቻ ይሰፋል፣ ይጠብባል። ኢቱርቤ የሆነ ነገር ጻፈ። «ቀጥሉ» አለ።

ሁለተኛው ሐዲድ ላይ ስቆጥር አሥራ ሁለት ሆነ። የተሳሳትኩ መሰለኝ። ከዚያ ገባኝ። ክምሩ ካለበት አይንቀሳቀስም፤ እኛ ነን መስመሩን ተከትለን የምንርቀው። የሚነሳው ሐዲድ ሁሉ ካለፈው ይርቃል። ከሦስት ወር በላይ ስሸከም አንድም ቀን አስቤው አላውቅም፤ አሥራ አንድ የጠዋቱ የመጀመሪያው ብቻ ነው። አልነገርኳትም። እሷም ቆጥራ ኖሮ ካወረዱ በኋላ ወደ እኔ አየች። አልተቆጣችም። እጇ ላይ ያለውን ጨርቅ ብቻ አጠበቀች።

«እረፍት እናድርግ?» አሉ ዶን ባውዲሊዮ።

«ገና ምኑ ተሠራና!» አለች ግሪሴልዳ። የጭነት መኪናው በአፈሩ መንገድ ሲመጣ ይሰማ ነበር።

«ደህና ነኝ እኔ» አለች እናቴ።

«እጅ! ወገብ! ላ...ይ!»

አሥረኛው ላይ አገጯ ወደ ደረቷ ወረደ። አሥራ አንደኛው ላይ ዓይኗን ጨፈነች። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስተኛው ላይ ሳሏ ወጣ፤ እንደ ጨርቅ የሚቀደድ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የታመቀ ሳል። ጉልበቷ ታጠፈ። ሐዲዱ መዞር ጀመረ።

«ያዝ! ማንም አይልቀቅ!» ጮኹ ዶን ባውዲሊዮ።

ቦዩን መቼ እንደዘለልኩ አላውቅም። እጀታውን በእጆቿ ላይ ያዝኩት፤ «እማ ውጪ!» አልኳት፤ በክንዴ ሥር ሾልካ ወደቀች። ክብደቱ መጥቶ ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ። ራማሎ ፊት ለፊቴ ነው፤ ከንፈሩን ነክሶ ደም ወጥቶታል።

«ሂ...ድ... ሂ...ድ... አውርድ!»

ብረቱ ወረደ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የእናቴ ሳል ብቻ ሆነ። ውርጩ ላይ ተንበርክካ፣ የከንፈር ቀለሙ አገጯ ላይ ተበክሎ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ነክቻለሁ። አለቀ።

ኢቱርቤ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ጉንፋን ነው» አለችው እናቴ ቶሎ ብላ። «ማታ በረደኝ። አሁን ይተወኛል።»

«ውሸት ነው» አለ ራማሎ። ዞር አልን። ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ ብሎ ያለከልካል። «ከመጀመሪያው ሐዲድ ጀምሮ ደረታቸው ያፏጫል። እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ይሄ የአንድ ቀን በሽታ አይደለም።»

ልመታው ተነሳሁ። ኢቱርቤ መሀል ገባ።

«ትናንት ጠየቅሁህ» አለኝ። «አሟት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁህ እኮ! ለምን ዋሸኸኝ?»

«እንዳትሰርዛት ነዋ!»

«ማነው በሽተኛ ይሰረዛል ያለህ?»

«ሁሉም ያውቃል!»

አፉን ከፍቶ አየኝ፤ ሌሎቹንም አየ። ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ። አዎ፣ ይሰረዛል።

«የታመመ ሰው አይሰረዝም» አለ። «የሐኪም ወረቀት ያመጣል፣ ከአራት ሰዓቱ ሥራ ነፃ ይሆናል፣ ገንዘቡ ይቀጥላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መመሪያው ላይ አለ። ለየማዘጋጃ ቤቱ ልከናል።»

ማንም «እይዋት» አላለም፤ ግን ሁሉም ግሪሴልዳን አየ። እሷ ሻርቧን ፈታች፣ እንደገና አሰረች።

«ምን ታዩኛላችሁ? ለአንዱ ብነግር በማግስቱ ከተማው ሙሉ ያስላል! ከንቲባው በየሳምንቱ ይህን ያህል ሐዲድ ብለው ይጠብቁኛል። ማን ያንሳው? አንተ ከዋና ከተማ በዚህ ጫማህ መጥተህ ታነሳዋለህ?»

ኢቱርቤ ክምሩ ላይ ቁጭ ብሎ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፤ ብርዱ እስክሪብቶውን አደረቀበትና ሁለት ጊዜ በትንፋሹ አሞቀው። «እስከ ዓርብ የሐኪም ወረቀት ያምጡ» አላት እናቴን። «ስምዎ አይነካም። ስለ ፊርማው ጉዳይ ግን ሪፖርት እጽፋለሁ፤ እሱን መተው አልችልም።»

እናቴ ገና አላመነችም። «አልተሰረዝኩም ማለት ነው?»

«አልተሰረዙም።»

«ልጁ ነክቶም?»

«ነክቶም።»

የጭነት መኪናው ደርሶ ጡሩምባ ነፋ። ግሪሴልዳ ሰዓቷን አየች፣ መስመሩን አየች፣ ከዚያ ሁሌም እንደምታደርገው እኔን አየች።

«ኤሊሴዎ፣ ለዛሬ ብቻ ግባና ጨርሱ። ስድስት ብቻ ነው የቀረው።»

እጄ ወደ ጉጠቱ ሄደ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎትም ነበር የሄደው።

«በማን ስም?» አለ ራማሎ።

«ምን?»

«በማን ስም ይግባ ነው የምልሽ። እናቱ ነፃ ወጥታለች። እሱ ዝርዝር ላይ የለም። ብረቱ እግሩ ላይ ቢወድቅ እግሩ የማን ነው?»

«ራማሎ፣ ትናንት ይህንኑ ልጅ የጠቆምከው አንተ አይደለህም እንዴ!»

«ነኝ። ዛሬም ራሴው ነኝ።»

ግሪሴልዳ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ዶን ባውዲሊዮ፣ እርስዎ ሥራ የሚወዱ ሰው ነዎት። በሰባት አንሱልኝ በቃ።»

ሰባቱም፣ እኔም፣ እናቴም እሳቸውን አየን። ዶን ባውዲሊዮ መሬት ላይ ያለውን ሐዲድ እያዩ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ሐዲዱ ላይ ተቀመጡ።

«በሰባት አልጠራም።»

«ሁላችሁንም ቀሪ ብዬ ነው የምጽፈው!»

«ጻፊ። እኛ መጥተናል፤ ሰውየው ያየናል። ሥራ ነው ካልሽ ስምንተኛውን ቅጠሪልኝ፣ ለነዚህም ጓንት አምጪ። እርዳታ ነው ካልሽ ደግሞ ብርድ ነው፣ ቤታችን እንግባ።»

«እርስዎ! ያለ ላቤ የመጣ ዳቦ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል ሁሌ የሚሉት!»

«አሁንም ይቆማል» አሉ። «ግን የዚህች ሴት ሳልም ቆሟል፤ እዚሁ። የትኛውን ልዋጥ?»

ሌሎቹም አንድ በአንድ ከጎናቸው ተቀመጡ። ራማሎ መጨረሻ ላይ። አንዱ ማቴው ይፈላ እንደሆነ ጠየቀ። ሾፌሩ እንደገና ጡሩምባ ነፋ፤ ማንም አልተነሳም። ኢቱርቤ ወረቀቱን አጥፎ ከሰዎቹ ወደ ግሪሴልዳ፣ ከግሪሴልዳ ወደ ሰዎቹ ያያል፤ ምን ብሎ እንደሚጽፍ የጠፋው ይመስላል።

እናቴን ደግፌ ወጣሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ ስሄድ ጆሮዬ ኋላ ቀርቶ ነበር። «ላ...ይ!» ይላሉ፣ አሁን ይላሉ እያልኩ ትከሻዬን አጠብቃለሁ። አላሉም። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የምሄድበት የለኝም። ደሞዝ አግኝቼበት የማላውቀው ሥራ ሲቀርብኝ ለምን እንደዚህ ባዶ እንዳደረገኝ ለማንም ማስረዳት አልችልም፤ ለራማሎማ ጭራሽ።

ዋናው መንገድ ላይ ሰው ወጥቷል። ዳቦ ቤቱ ፊት ሰልፍ ነበር፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ሁለት ጸሐፊዎች ሲጋራ ያጨሳሉ። እዚህ ስንደርስ እናቴ ሁልጊዜ ትንፋሿን ይዛ፣ ሳሏን ውጣ፣ ጥግ ጥጉን ታልፍ ነበር። ዛሬ ግን ክንዴን ጎተት አድርጋ አስቆመችኝ።

«ምነው እማ? እንረፍ?»

«ቆይ።»

መንገዱ መሀል ቆማ፣ አፏን በእጇ ሳትሸፍን፣ እስኪበቃት ሳለች። ጸሐፊዎቹ ዞረው አዩን። እሷ አላየቻቸውም።